ሚናራዎቹን ይቁጠሩ፦ ከምትጓዝ መርከብ ላይ ሰፊ ፎቶግራፍ ማንሳት

በዛሬው ዝግጅታችን ብዙዎች በጉዞ ላይ የሚሞክሩትን፣ ነገር ግን ቤት ገብተው ሲመለከቱት ቅር የሚሰኙበትን አንድ ጉዳይ እናነሳለን። ይኸውም በመርከብ ላይ ቆሞ፣ ካሜራ ወይም ስልክ በእጅ ይዞ፣ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋን አገር በአንድ ሰፊ ፎቶግራፍ ማስቀረት ነው።

ምሳሌያችን የኢስታንቡል ከተማ ትሁን። ከኤሚኖኑ ተነስታ ወደ ኡስኩዳር ወይም ወደ ካዲኮይ በምታቀና የሕዝብ መርከብ ላይ የተሳፈረ ሰው ወደ ኋላው ዞር ቢል የሱለይማኒያ፣ የአያሶፊያና የሱልጣን አህመድ መስጊዶች ከነሚናራዎቻቸው ተሰልፈው ያያቸዋል። ይህን ሁሉ አንድ ተራ ፎቶ አይችለውም። ስለዚህ ፓኖራማ ያስፈልጋል፤ ማለትም ጎን ለጎን የተነሱ ብዙ ፎቶዎች ጠርዛቸው እየተደራረበ አንድ ይሆናሉ።

ዘዴው አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ፎቶግራፍ አንሺዎች በ1348 (እ.ኤ.አ.) በተሠራው የገላታ ግንብ አናት ላይ ወጥተው፣ ካሜራቸውን ጥቂት በጥቂት እያዞሩ ከተማይቱን ያነሱ ነበር። ከዚያም የታተሙትን ፎቶዎች ጎን ለጎን ይለጥፏቸዋል። እነርሱን የረዳቸው አንድ ነገር ነበር፤ ግንብ አይንቀሳቀስም። መርከብ ግን ይንቀሳቀሳል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የችግሩ ምንጭ

በአውቶቡስ የተጓዘ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። በመንገዱ ዳር ያሉ ዛፎችና ምሰሶዎች ወደ ኋላ ይሮጣሉ፤ ሩቅ ያለው ተራራ ግን አብሮ የሚሄድ ይመስላል። በመርከብ ላይም እንዲሁ ነው። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የምትጓዝ መርከብ በአንድ ሰከንድ 5 ሜትር ትሄዳለች። በሁለት ፎቶዎች መካከል 2 ሰከንድ ቢያልፍ፣ ሁለተኛው ፎቶ የሚነሳው ከ10 ሜትር ፈቀቅ ብሎ ነው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ 50 ሜትር ርቆ በጎን በኩል ያለ ጀልባ 11 ዲግሪ ያህል ቦታውን ይለውጣል፤ ይህም ክንድዎን ዘርግተው ሲያዩት የጭብጥዎን ስፋት ያህላል። 1,500 ሜትር የራቀ መስጊድ ግን ከግማሽ ዲግሪ በታች ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ የሙሉ ጨረቃን ስፋት እንኳ አያህልም።

ፎቶዎቹን የሚያገጣጥመው ፕሮግራም ሩቁንና ቅርቡን በአንድ ጊዜ ማስማማት አይችልም። መስጊዱን ሲያስተካክል ጀልባው ለሁለት ይቆረጣል፤ ጀልባውን ሲያስተካክል ሚናራው ይሰበራል።

ምን ማድረግ ይበጃል?

በመጀመሪያ ቅርብ ያለውን ነገር ሁሉ ከፎቶው ያስወጡ። የመርከቧ የብረት አጥር፣ ገመድ፣ ጎረቤት ጀልባ፣ አጠገብዎ የሚበር የባሕር ወፍ አይግቡ። መርከቧ ከወደቡ ጥቂት እስክትርቅ መታገስ ጥሩ ነው።

ሁለተኛ፣ የሚቆሙበትን ቦታ ይምረጡ። የመርከቧ ኋላ ከጎኗ ይሻላል። በቀጥታ ከኋላ ያለ ነገር እየራቀ ያንሳል እንጂ ወደ ጎን ብዙ አይሸሽም።

ሦስተኛ፣ ፈጠን ይበሉ። ለአራት ወይም ለአምስት ፎቶ ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። ከመጀመርዎ በፊት ካሜራውን ሳያነሱ አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር በዓይንዎ ይለማመዱት። ስልኩን ወይም ካሜራውን ወደ ላይ አቁመው ይያዙት፤ ሲከረከም ከላይና ከታች ትርፍ ያስፈልጋልና። እያንዳንዱ ፎቶ ከቀዳሚው ላይ ቢያንስ ሲሶውን ይድገም። ባሕሩና ሰማዩ የሚገናኙበት መስመር በፎቶው መካከል ይዋል፤ ካሜራው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ካዘነበለ ያ መስመር እንደ ቀስት ይጎብጣል።

አራተኛ፣ በክንድዎ የብረት አጥሩን አይደገፉ። ብረቱ የሞተሩን ንዝረት በቀጥታ ወደ እጅዎ ያመጣዋል። እግርዎን ከፈት፣ ጉልበትዎን ላላ አድርገው ይቁሙ፤ ክንድዎን ከጎንዎ ያስጠጉ። ካሜራዎ ፍጥነት የሚመረጥበት ከሆነ ከሴኮንድ 1/500ኛ ወይም ከዚያ የፈጠነውን ይጠቀሙ።

አምስተኛ፣ ብርሃኑን ይቆልፉ። ብዙ ስልኮች ላይ መስታወቱን ለአፍታ ተጭኖ በመያዝ ብርሃኑንና ጥራቱን ባለበት ማቆየት ይቻላል። ይህ ካልተደረገ አንዱ ፎቶ ይነጣል፣ ቀጣዩ ይጠቁራል፤ በሰማዩም ላይ ግርፋት ይታያል። ከካዲኮይ በኩል አሮጌይቱን ከተማ ለማንሳት ፀሐይ ከጀርባዎ የምትሆንበት የጠዋቱ ሰዓት ይመቻል። ወደ ማታ ሕንፃዎቹ ጥላ ብቻ ይሆናሉ፤ እርሱም ቢሆን የራሱ ውበት አለው። ከመግሪብ በኋላ ግን ብርሃን ስለሚያንስ ከመርከቧ ወርዶ ከወደቡ ላይ ማንሳት ይሻላል።

በስልኩ የፓኖራማ ዘዴ የሚጠቀሙና ከመርከቧ ጎን የሚያነሱ ከሆነ፣ ስልኩን መርከቧ ወደምትሄድበት አቅጣጫ ያዙሩ። ወደ ኋላ ካዞሩት ቀድሞ የተነሳው የቅርብ ነገር አብሮ እየተከተለ ተወጥሮ ወይም ተደግሞ ይወጣል።

ፎቶውም ምስክር ነው

አንድ ሰው ከጉዞ ይዞት የሚመለሰውን ፎቶ የሚያዩት ብዙውን ጊዜ ወደዚያ አገር የመሄድ ዕድል ያላገኙ ናቸው፤ አያት፣ እናት፣ ታናናሽ ወንድምና እህት። እነርሱ የሚያዩትን እንዳለ ያምናሉ። ስለዚህ ፎቶው ተገጣጥሞ ሲያልቅ ሚናራዎቹን ይቁጠሩ። ሚማር ሲናን የሠራውና በ1557 (እ.ኤ.አ.) የተጠናቀቀው ሱለይማኒያ አራት ሚናራ አለው። አያሶፊያም አራት፣ ሱልጣን አህመድ ስድስት፣ በኤሚኖኑ ያለው የኒ ጃሚ ሁለት አላቸው። በሰፊው ፎቶ ላይ ሱለይማኒያ አምስት ሚናራ ካወጣ፣ ፕሮግራሙ አንዱን ደግሞታል። ሦስት ከሆነ ደግሞ ከመደምደምዎ በፊት ነጠላ ፎቶዎቹን ይመልከቱ፤ እንደ መርከቧ አቅጣጫ አንዱ ሚናራ ከሌላው ጀርባ ሊሸሸግ ይችላልና። ነጠላዎቹ ላይ ታይቶ በሰፊው ላይ ከጠፋ ግን የተበላሸው መገጣጠሚያው ነው።

ለዚህም ነው ነጠላ ፎቶዎቹን ማጥፋት የማይገባው። እንደ ሁጊን ባሉ በነፃ በሚገኙ ፕሮግራሞች ሥራውን እንደገና መጀመር፣ ያስቸገረውን ጀልባ ከአንዱ ፎቶ ላይ መሸፈንና መገጣጠሚያውን ባዶ ውኃ ወይም ሰማይ ላይ ማሳረፍ ይቻላል። ካልሆነም ሁለት ፎቶ ብቻ አገጣጥሞ ጠበብ ያለ ግን እውነተኛ ሥዕል ማስቀረት፣ ሰፍቶ ከሚዋሽ ይሻላል።

ሌላም አደራ አለ። ካሜራው ሲዞር አጠገብዎ የተቀመጡትን ቤተሰቦች ሳያስቡት ሊያነሳ ይችላል። መነሳታቸውን የማይፈልጉ ብዙ ናቸው። ባዶ ጥግ ይፈልጉ፤ ካልተገኘም አስቀድመው ይጠይቁ። ልጆች አብረው ካሉም እጃቸውን የሚይዝ ሌላ ሰው ይኑር፤ በካሜራ የሚመለከት ዓይን ልጅ አይጠብቅም።

በባሕር ዳር ጣና ሐይቅ ላይ በጀልባ የሚሄድም ይህንኑ መንገድ ሊከተል ይችላል። ትንሽ ጀልባ ከትልቅ መርከብ ይልቅ ስለሚወዛወዝ ከላይና ከታች ሰፋ ያለ ትርፍ ይተው፤ ተቀምጦም ያንሳ። በዚያ ሚናራ ባይኖር ደሴቶቹን መቁጠር ይቻላል።