ግምቡን አይቶ ፊደሉን መርሳት

የጀርመንን የራይን ወንዝ ጐብኝቶ የሚመለስ ሰው የሚያወራው ስለ ግምብ ነው። በእርግጥም ከቢንገን እስከ ኮብሌንዝ ባለው 65 ኪሎ ሜትር ሸለቆ 40 ያህል ግምቦች ይታያሉ። ነገር ግን ውበታቸው አያታለን፤ ብዙዎቹ መሳፍንቱ መርከብ እያስቆሙ ቀረጥ የሚቀበሉባቸው ኬላዎች ነበሩ። በካውብ አጠገብ ከወንዙ መካከል የቆመው ግምብ የተሠራው ለዚሁ ነው።

ጊዜውና ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ተማሪ ግን ሁለቱን ከተሞች ቢያስቀድም ይሻለዋል እላለሁ። አንደኛው ማይንዝ ነው፤ ጉተንበርግ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1450ዎቹ መጽሐፍ ቅዱስን በብረት ፊደል ያተመው በዚያ ሲሆን፣ በስሙ የተሰየመው ሙዚየም ከዚያ እትም ሁለት ቅጂ አለው። ሁለተኛው ኮሎኝ ነው፤ መንገደኛው ሁሉ በ1880 ያለቀውን ካቴድራል አንጋጦ ያያል። ዳሩ ግን የዚያ ከተማ ካህን ዮሐንስ ፖትከን ሮም ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ፣ መዝሙረ ዳዊትን በ1513 በሮም፣ በ1518 ደግሞ ከሌሎች ሦስት ቋንቋዎች ጋር በኮሎኝ በፊደላችን ማሳተሙን ከእኛ መካከል ስንቱ ያውቃል?

ግምቡ መንገደኛን ያስቆም ነበር፤ ፊደሉ ግን ኬላውን ሁሉ አልፎ ሄደ። ስለዚህ ወደ ራይን የምትሄዱ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ግምቡን ከመርከብ ላይ እዩት፤ ለሙዚየሙ ግን ሙሉ ቀን ስጡት።