በማሕፀን ጠባሳ ላይ ስለሚያርፍ ፅንስ

ቁስል ድኖ በቆዳ ላይ የሚቀረውን ምልክት ጠባሳ እንለዋለን። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ግን ጠባሳዋ ሁለት ነው፤ አንዱ በሆዷ ላይ የሚታየው፥ ሁለተኛው በማሕፀኗ ግድግዳ ላይ ተሰውሮ የሚቀረው ነው። ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን የምንገልጸው ስለዚሁ ስለ ሁለተኛው ነው።

አልፎ አልፎ፥ ይኸውም በሐኪሞች ግምት ከ2,000 ያህል እርግዝና በአንዱ፥ በኋላ የሚመጣው ፅንስ ተገቢውን ስፍራ ትቶ በዚህ ጠባሳ ውስጥ ሥር ይሰዳል። ስፍራው ስስ ስለ ሆነ ማሕፀኑ ሊቀደድና ብዙ ደም ሊፈስ ይችላል፤ የእንግዴ ልጁም ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ሊል ይችላል። ከእነዚህ እናቶች ሲሶ የሚያህሉት በመጀመሪያ ምንም ሕመም አይሰማቸውም። ስለዚህ ነገሩን የሚገልጠው በእርግዝናው መጀመሪያ ሳምንታት የሚደረግ የአልትራሳውንድ ምርመራ ነው።

ከታወቀ በኋላስ ምን ይደረጋል? ብዙ ሰው «ጥቂት እንጠብቅ» ወይም «ማሕፀኗ ይጠረግ» ይላል። ሁለቱም ያሰጋሉ። የአሜሪካ የእናትና የፅንስ ሕክምና ማኅበር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ዝም ብሎ መጠበቅን አይመክርም። በስለት መሣሪያ ብቻ መፋቅንም አይደግፍም፤ ፅንሱ ያለው በግድግዳው ውስጥ ነውና ፍቂያው ስሱን ስፍራ ሊያደማው ይችላል። ሜቶትሬክሴት የተባለውን የሴሎችን መባዛት የሚገታ መድኃኒት በጡንቻ ብቻ መውጋትም ብዙ ጊዜ አይበቃም።

የሚመረጡት ሦስት ናቸው፤ ፅንሱን በቀዶ ሕክምና አውጥቶ ግድግዳውን መጠገን፥ በአልትራሳውንድ እያዩ በመምጠጫ ማውጣት፥ ወይም መድኃኒቱን በቀጥታ በፅንሱ ከረጢት ውስጥ መውጋት። በመድኃኒት የታከመችው እናት የእርግዝናው ሆርሞን ከደሟ እስኪጠፋ ድረስ ደጋግማ ትመረመራለች፤ ይህም ሳምንታት፥ አንዳንድ ጊዜም ወራት ይፈጃል። ደሙ አልቆም ካለ ሕይወቷን ለማዳን ማሕፀኑ ራሱ ሊወጣ ይችላል።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት ከምርጫው በፊት ሐኪሙ ሊጠየቅ የሚገባው፥ ሆስፒታሉ በቂ ደምና በዚህ ሥራ የሠለጠነ ቀዳጅ እንዳለው ነው። እናቲቱም ወደ ፊት መውለድ የምትፈልግ እንደ ሆነ ራሷ ትናገር። ዋጋውን ብቻ ጠይቆ የሚመለስ ባል ግማሹን መንገድ እንኳ አልሄደም። አደጋውን ተረድታ እርግዝናውን እቀጥላለሁ ካለች፥ መውለጃዋ በ34ኛውና በ36ኛው ሳምንት መካከል በቀዶ ሕክምና እንዲሆን ይመከራል።

ይህ ነገር ሊደገም ስለሚችል፥ ዳግመኛ ስታረግዝ ሆዷ እስኪገፋ ሳትጠብቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለአልትራሳውንድ ምርመራ ትቅረብ።