በአስተርጓሚ የማይነገር ሕመም

ኅዳር 29 በመጣ ቁጥር የኛንጋቶም ወጣት በቴሌቪዥናችን መስኮት ይዘልላል፣ ያዜማል፤ ካሜራውም በጌጡ ላይ ይዘገያል። ያ ወጣት ወደ ካንጋተን ተመልሶ እንቅልፍ ቢያጣ፣ ከባልንጀሮቹ ቢሸሽ፣ መኖርም ቢያስጠላው ለማን ይናገር? ደግሞስ በየትኛው ቋንቋ?

ሹማምንቱ የተለመደ መልስ አላቸው፤ «ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም» ይላሉ። (ግንዛቤ ማስጨበጫ! አበል የማታጣ ቃል።) እኔ ግን የጎደለው ሰሚ ነው እላለሁ። የኛንጋቶም ቋንቋ ከቱርካናና ከቶፖሳ የሚዛመድ የናይሎ ሳሃራ ቋንቋ ነው፤ ከአማርኛ ጋር ዝምድና የለውም። ወባ በአስተርጓሚም ቢሆን ትታከማለች፤ ጥቂት ደም ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያልና። የአእምሮ ሕመም መመርመሪያው ግን ንግግር ነው። የሃያ ዓመት ጎረምሳ ራሱን ለማጥፋት ማሰቡን አጎቱ እያስተረጎመለት ለእንግዳ ሐኪም ይናዘዛል ብሎ የሚጠብቅ ማን ነው? ልጁ ይሸሽገዋል፤ ቢናገር እንኳ አጎት አለዝቦ ያቀርበዋል። ሐኪሙም የራስ ምታት ኪኒን ሰጥቶ ይሸኘዋል።

ሸክሙ ደግሞ ቀላል አይደለም። ከጎረቤት ሕዝቦች ጋር በሚነሣው የከብት ዘረፋና የበቀል ግጭት ወንድም የቀበረ አለ። ኦሞ ሞልቶ ሲጎድል በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘራ የነበረ ቤተሰብም፣ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት ጎርፉን ከያዘው ወዲህ የኖረበት እርሻ ተናግቶበታል። የግድቡ ጥቅም ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ እዚህ አልገባበትም። ትምህርት ፍለጋ ጂንካ ወጥቶ ሥራ ሳያገኝ የተመለሰውስ? ለእረኝነቱም ለቢሮውም እንግዳ ሆኖ ይቀራል።

«አማኑኤል ሆስፒታል አለ» የሚል አይጠፋም። አዎን፣ አዲስ አበባ አለ! ከኦሞ ዳር የታመመ ልጅ ይዞ እዚያ መድረስ ግን ስንት ከብት ያስሸጣል? መፍትሔው እዚያው ቀርቧል። በጉራጌ አገር ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ ለጉዳዩ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ለከባድ የአእምሮ ሕሙማን የሚሰጡት ሕክምና የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጡት እንደማያንስ አሳይቷል። ስለዚህ ልዩ ሐኪም እስኪመጣ ዓመታት መጠበቅ አያስፈልግም፤ የኛንጋቶምን ልጆች ማሠልጠን፣ መድኃኒቱም ከጤና ጣቢያው መደርደሪያ እንዳይጠፋ ማድረግ ይቻላል።

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 25 ሺሕ ያህል ለነበረ ሕዝብ ይህ ሁሉ ወጪ ለምን? የሚል ይኖራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት የአእምሮ ጉዳተኞችን ለመርዳት አቅሙ በፈቀደ መጠን ሀብት እንዲመድብ ሲያዝ፣ ቁጥራቸው ለበዛ ብቻ አላለም። «አቅም» የምትለዋን ቃል ይዘው እንደሚከራከሩ አውቃለሁ፤ ለጭፈራው ልዑካን አቅም እንዳልጠፋ ግን በየዓመቱ እናያለን።

የዞኑ ጤና መምሪያ በሚመጣው የበጀት ዓመት ከካንጋተን አምስት ወጣቶች መልምሎ በጂንካ ያሠልጥን፤ ሲጨርሱም እዚያው በቀያቸው ይመድባቸው። ከአምስቱ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ፤ ልጃገረዷም ለወንድ የማትነግረው አላትና።