ወንድማማች ብንሆንም ደረሰኝ ይኑር

በየከተማው ያሉ የወጣት ጀመዓዎቻችን ሐሳብ አያጡም። አንዱ የሸይኾቹን መንዙማ ቀድቶ ማስቀመጥ ይፈልጋል፤ ሌላው ለሰፈሩ ልጆች ቤተ መጻሕፍት፤ ሌላው ችግኝ ጣቢያ። ብሩን የምንሰበስበው ግን ያው ከጁምዓ በኋላ ነጠላ ዘርግተን ነው።

ለዚህ ሥራ ተብሎ የተቀመጠ ገንዘብ አለኮ! በተመድ የልማት ፕሮግራም በኩል የሚሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረው የዓለም አካባቢ ፈንድ አነስተኛ ድጋፍ፣ አካባቢን ለሚንከባከቡ የማኅበረሰብ ድርጅቶች በቀጥታ እስከ 50 ሺህ ዶላር ሲሰጥ ኖሯል። መስጂድ አይሠራልንም፤ ችግኙን ግን ይችላል።

እንዲህ ያለ ለጋሽ ኒያችንን ብቻ አይቶ አይሰጥም። የምዝገባ ወረቀት፣ የባንክ ሒሳብ፣ ፈራሚ ይፈልጋል። አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳያልፍ ስለሚል፣ ሒሳብ ያልያዘ ማኅበር ምን ብሎ ያሳያል? እኛ ጋር ግን «ወንድማማች አይደለን እንዴ፣ ደረሰኝ ምን ያደርጋል?» ይባላል። ይህ ንግግር ያበሳጨናል። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ እኮ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር ነው! አማና በወረቀት ሲያዝ ወንድምነት አይጎድልም።

እናም ፕሮፖዛል ከመጻፋችሁ በፊት ደብተር የምትይዝ አንዲት እህት ምረጡ። (ወንድሞች አትቀየሙ፣ ያየነውን ነው።) የዘንድሮውን የረመዳን መዋጮ ከነደረሰኙ ትመዝግበው፤ ለጋሹ ሲጠይቅ የምታሳዩት እሱን ነው።