የቤት አበባ ቅጠል ቡናማ ሲሆን

በዛሬ ጊዜ በከተማ የሚኖሩ እመቤቶች በሳሎናቸውና በበረንዳቸው በሸክላ የተተከለ አትክልት ማኖርን ልማድ አድርገውታል፤ ይህም ለዓይን ደስታ፥ ለቤትም ጌጥ ነው። ነገር ግን የቅጠሉ ጫፍ ደርቆ ቡናማ በሆነ ጊዜ ብዙ ሰዎች ምክንያቱን ሳይመረምሩ «ውኃ ጠምቶት ነው» ብለው ይፈርዱና ጣሳውን ይዘው ይመጣሉ። እኛ እንደምናየው ግን ከጥማት ይልቅ በውኃ ብዛት የሚሞተው አትክልት ይበልጣል።

ስለዚህ አስቀድሞ ቅጠሉን መጠየቅ ይገባል። ከታች ያሉት ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ኋላም ለስልሰው ቡናማ ቢሆኑ፥ አፈሩም የረግረግ ሽታ ቢሸት፥ ሥሩ አየር አጥቶ በስብሷልና ማጠጣቱን መተው ነው። የሸክላው ቂጥ ቀዳዳ ከሌለው ደግሞ ይህ በሽታ አይቀርለትም። የቅጠሉ ጠርዝ ሁሉ ሲነኩት እንደ ገለባ ቢፈረፈር፥ አፈሩም ከሸክላው ግድግዳ ቢሸሽ፥ በእውነት ጠምቶታል። በመስኮት በኩል ያለው ቅጠል ብቻ መካከሉ ቢቃጠል፥ የፀሐይ ሥራ ነው። ለማረጋገጥም ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ በአፈሩ ውስጥ ማግባት ይበቃል፤ ጣት እርጥበት ካገኘ በዚያ ቀን ማጠጣት አያስፈልግም።

በስምጥ ሸለቆ ካሉት ከተሞች በአንዲቱ የሆነውን ሰምተናል። ድራሲና የሚባለው ባለ ረጅም ቅጠል ተክል ጫፍ ጫፉ ስለ ደረቀ፥ የቤቱ እመቤት ሠራተኛይቱን «ሳታጠጪው ቀርተሽ ነው» ብለው ከደመወዟ ሊቆርጡባት ተነሡ። ልጅቱም «እሜቴ፥ አንድ ጊዜ እንኳ አላስታጐልሁም» ብላ ብትምል የሚሰማት አላገኘችም። በኋላ አንድ አዋቂ ዘመድ መጥቶ ሸክላውን ቢመረምር አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተገኘ፤ ደመወዟም ሳይነካ ቀረ። በደሉ የውኃው ነበርና።

በአዳማ፥ በወንጂ፥ በዝዋይና በሐዋሳ አካባቢ ከመሬት የሚወጣው ውኃ በብዙ ስፍራ ፍሎራይድ የሚባለው ንጥረ ነገር ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ የወሰነው ልክ በ1 ሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፥ በዚያ አገር ከዚህ እጅግ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ድራሲናና እንደ ሣር ረጅም የሆነው ባለ ነጭ ሰረዝ ተክል፥ ልጆቹን በክር የሚያንጠለጥለው ማለት ነው፥ ፍሎራይድን አይችሉም። ውኃው ከሥር ወደ ቅጠል ወጥቶ ተን ሆኖ ሲሄድ ፍሎራይዱ በጫፉ ይቀራል፤ እየተከማቸም ይገድለዋል። ውኃውን ማፍላት አይረዳም፥ እንዲያውም ተኑ ሲሄድ የቀረው ይበረታል። ማሳደርም ክሎሪኑን ቢያስወጣ ፍሎራይዱን አያስወጣም። የሚሻለው በክረምት የጣራ ዝናብ በበርሜል ማጠራቀም ነው።

የአበባው ነገር ቀላል ነው። በዚያ አገር ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው የሚበልዘው ግን ከዚሁ ከፍሎራይድ የተነሣ ነው፤ ሲበዛም አጥንትን ይጎዳል። ስለዚህ ልጅ ያላቸው ሁሉ የሚጠጡትን የጉድጓድ ውኃ ያስመርምሩ።

ሌላው ምክንያት የጨው መከማቸት ነው፤ በሸክላው ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት ሲታይ ይታወቃል። ማዳበሪያ ማብዛት ያመጣዋል። ከቡና በኋላ አተላውንና የሲኒውን እጣቢ በአበባው ላይ መድፋትም ልማድ ሆኗል፤ ቡናው በጨው የሚጠጣበት ቤት ቢሆን ይህ ለአትክልቱ መርዝ ነው። እንዲህ ከሆነ የሸክላውን ልክ ሁለት ሦስት እጥፍ ንጹሕ ውኃ በቀስታ አፍስሶ በቀዳዳው እንዲወርድ ማድረግ፥ ከሥሩ ያለውንም ሳሕን መድፋት ነው። የከሰል ምድጃም ከአጠገቡ ይራቅ።

አንድ ጊዜ ቡናማ የሆነ ቅጠል ተመልሶ አይለመልምም። በንጹሕ መቀስ የቅጠሉን ቅርጽ ተከትሎ መቁረጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ከደረቀው ጥቂት ክር ያህል መተው ይገባል፥ ለምለሙ ከተቆረጠ አዲስ ቁስል ይሆናልና።