አራስ ነብር እንጂ አራስ ሴት አናውቅም

ቋንቋችን ለወለደች ነብር ስም አለው። ቁጣው የሚያስፈራ ሰው ስናይ «እንደ አራስ ነብር» እንላለን፤ የአውሬዋን ንዴት በሁለት ቃል ቀርጸን አኑረነዋል። ልጇን ታቅፋ ግድግዳ ግድግዳውን ለምታይ፣ ጡቷ ወተት እያፈሰሰ ዐይኗ ለደረቀባት ሴት ግን የምንሰጣት ስም የለንም። ያለን «ብርድ መቷት ነው»፣ «ዐይን በልቷት ነው»፣ ሲከፋም «ጥጋብ ነው» የሚል ብያኔ ብቻ ነው። የሕክምና ሰዎች «የድኅረ ወሊድ ድባቴ» ይሉታል። መልካም ስም ነው፤ ግን ከሐኪሙ ክፍል ወጥቶ አራስ ቤት አልደረሰም።

ሌላውን ለመክሰስ ብቻ አይደለም የምጽፈው፤ የመጀመሪያው ተከሳሽ እኔው ነኝ። የታላቅ እኅቴ ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ድግሱ ላይ ግጥም አነበብኩ። ስለ እናት ነበር፤ ሌላ ስለ ምን ይሆናል! ማር ነበረበት፣ ወለላ ነበረበት፣ እየቀለጠ የሚያበራ ሻማም አልቀረ። እልልታው ጣሪያውን ነቀነቀው። እኅቴ ነጭ ለብሳ፣ ሕፃኗን ለአክስታችን አስይዛ፣ ወለሉን ታይ ነበር። ደስታ ያፈዘዛት መሰለኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ «እታለም፣ ያን ቀን ደክሞሽ ነበር?» ብላት እንዲህ አለችኝ፦ «ግጥምህን ስሰማ፣ ይቺ ልጅ እኔ ባልኖርላት የተሻለች እናት ታገኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። አንተ የጠራሃት እናት እኔ አልነበርኩማ።»

ግጥሙን ቀደድኩት። መቅደድ ቀላል ነው።

እንግዲህ የእናት ግጥም የምትጽፉ ወዳጆቼ፣ ልጠይቃችሁ። በስንኞቻችሁ ውስጥ አንዲት እናት ስትሰለች አይታችሁ ታውቃላችሁ? የልጇን ለቅሶ ሰምታ መነሣት ሲያቅታት? የወለደችውን ሕፃን እንደ ባዕድ ልጅ ስታየው? የለችም። ቅኔያችን እናትን ከሰው ተራ አውጥቶ ታቦት አድርጓታል፤ ታቦት ደግሞ አይታመምም። ውዳሴ ነው ብላችሁ የምትደረድሩት ለአንዳንዷ ፍርድ ነው፤ ታምማ ሳለ ኃጢአተኛ የሆነች ይመስላታል፤ ኃጢአቷንም ትደብቃለች።

ሥነ ጽሑፍ ይህን ማድረግ የለበትም፤ ተቃራኒውን ሲያደርግም ታይቷል። አሜሪካዊቷ ሻርሎት ፐርኪንስ ጊልማን ልጇን ከወለደች በኋላ በከባድ ድባቴ ተያዘች። በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው ሐኪም ያዘዘላት መድኃኒት መተኛት፣ መመገብ፣ ብዕርም አለመንካት ነበር። ወደ እብደት አፋፍ ደርሳ ትእዛዙን ጣሰችና እ.ኤ.አ. በ1892 «ቢጫው የግድግዳ ወረቀት» የተሰኘውን አጭር ልቦለድ አሳተመች። በዚያ ታሪክ ሴቲቱን የሚያሳብዳት ጭካኔ አይደለም፤ ሐኪም ባሏ ያለ ልክ ይንከባከባታል፣ ግን የምትለውን አይሰማትም። የእኛም አራስ ቤት በደል ይኸው ይመስለኛል፤ ገንፎው ሞልቷል፣ ጆሮ ግን የለም።

«ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚል ሰው እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። «እኛ ዘንድ አራስ በወግ ትታረሳለች!» ይለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ሌላ ይናገራል፦ በዓለም ዙሪያ ከወለዱ ሴቶች 13 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ሕመም፣ በተለይም ድባቴ ያገኛቸዋል፤ በታዳጊ አገሮች ቁጥሩ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጣው የሆድ መባባትና ዕንባ የብዙ እናቶች ዕጣ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ካልለቀቀ፣ እንቅልፍ ከነሣ፣ ደስታን ሁሉ ካደረቀ፣ ያ ሕመም ነው። ከወሊድ በኋላ በድንገት የሚያሽቆለቁሉት ሆርሞኖች፣ ድካሙ፣ ችግሩ፣ የባል ዱላም ሳይቀር ያመጡታል። በምክክርም በመድኃኒትም ይድናል፤ እያጠቡ የሚወሰድ መድኃኒትም አለ። የሌለ ድምፅ የምትሰማ፣ የሌለ ነገር የምታይ አራስ ግን አንድ ቀን እንኳ ሳትውል ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት።

ወጉን አልንቅም። አራስ ብቻዋን አትተውም ያሉ፣ በራስጌዋ ብረት ያኖሩ እናቶቻችን አንድ ነገር አይተዋል፤ ብቸኝነት ባለበት የሚገባ ክፉ ነገር እንዳለ ዐውቀዋል። ችግሩ ዛሬ ብረቱ ቀርቶ ጠባቂዋም መሄዷ ነው። የኮንዶሚኒየሙ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ወይም ሜሪላንድ ውስጥ ባሏ ሌሊት ታክሲ የሚነዳባት ሴት በማን ትታረስ? በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት የተፈቀደው ዕረፍት ሦስት ቀን ነው። በሦስት ቀን ገንፎው እንኳ አያልቅም!

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመው የኤዲንብራ መጠይቅ ዐሥር ጥያቄዎች ብቻ አሉት፤ የመጀመሪያው ስለ መሳቅ ነው፣ የመጨረሻው ራስን ስለ መጉዳት። በፓኪስታን ገጠር የመንደር ጤና ሠራተኞች ቀላል የምክክር ሥልጠና ወስደው፣ በእርግዝናቸው ወራት ድባቴ የያዛቸውን እናቶች በየቤታቸው እየሄዱ አነጋገሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ ሲወጣ፣ ከወሊድ ስድስት ወር በኋላ በድባቴ ውስጥ የቀሩት ከእነዚህ መካከል 23 በመቶ፣ ያለዚህ ምክክር ከተጎበኙት መካከል ግን 53 በመቶ ነበሩ። የእኛም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየደጃፉ አሉ። ስለ ክትባት ይጠይቃሉ፤ ስለ ሳቅስ?

ባለፈው ወር አንዲት ጎረቤቴ ወልዳ ገንፎ ተጠራሁ። ስንት ኪሎ ተወለደ፣ ማንን መሰለ ሲባል ቆየ። ወጉን አፍርሼ «አንቺስ፣ ሌሊት ስትነቂ ምን ታስቢያለሽ?» አልኳት። አማቷ ገላመጡኝ። እሷ ግን ማንኪያዋን አስቀመጠች።