ሸራ የሌለው ዲስክ ፍሬን አትሽጡልን

ሐምሌ ሲገባ ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለችው የብስክሌት መጠገኛዬ ሥራዋ ይቀየራል። በበጋ ጎማ መለጠፍና ካቴና ማስተካከል ነው የሚበዛው። ክረምት ላይ ከሽሮ ሜዳና ከፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚወርዱት ልጆች ይመጣሉ፤ ፍሬን በያዙ ቁጥር ብረት ብረትን ሲፍቅ ከሩቅ ይሰማል። የፍሬኑ ሸራ አልቆ፣ የተለጠፈበት የብረት ሳህን ዲስኩን እየላጠው ነው።

«ጋሼ፣ አዲስ እኮ ነው፤ የፋሲካ ሰሞን ነው የተገዛው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።

ብዙ ሰው ዝናቡን ይወቅሳል። ንጹሕ ውሃ ግን ሸራን ያን ያህል አይጎዳም፤ የሚጎዳው ውሃው ተሸክሞት የሚመጣው ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የደቀቀ አሸዋ አስፋልቱ ላይ ይዘረግፋል፤ በየግንባታው በር የተከመረው አሸዋም ይጨመርበታል። ጎማው የሚረጨው ጭቃ በዲስኩና በሸራው መካከል ሲገባ ሁለቱንም እንደ ሞረድ ይሞርዳቸዋል። የኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ሠርቶልናል፤ ደስ ይላል። ነገር ግን ከመኪናው መንገድ ላይ አሸዋውን ራሳቸው መኪኖቹ እየበተኑ ያስወጡታል። እኛ መስመር ላይ እንደተኛ ይከርማል። መጥረጊያ የያዘ ሰው በክረምት ወደዚያም ጎራ ቢል ጥሩ ነበር።

ከተማችን ደግሞ ተዳፋት ናት። የእንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። ብስክሌቱና ነጂው አንድ ላይ 90 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ከአናቱ እስከ ቦሌ ሲወርዱ የሚለቀቀው ጉልበት ወደ ሁለት ሊትር የሚጠጋ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል። የቀረውን የሚችሉት፣ አዲስ ሳሉ እንኳ ውፍረታቸው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ አራት ትናንሽ ሸራዎች ናቸው።

በዘይት የሚሠራው ፍሬን መዘዙ ድብቅ ነው። ሸራው በሳሳ ቁጥር ፒስተኑ ይጠጋል፣ ዘይቱ ክፍተቱን ይሞላል፣ እጀታው ለጣት ያው ነው። ነጂው የሚያውቀው ሲጮህ ነው። በገመድ የሚሠራው ቢያንስ እጀታው እየላላ ያስጠነቅቃል፤ እሱንም እኛ መካኒኮች በክፉ ልማድ ዝም እናሰኘዋለን፤ ገመዱን እናጠብቃለን። ርካሹ የገመድ ፍሬን የሚገፋው የውጭውን ሸራ ብቻ ነው። የውስጡ ባለበት ቆሞ ይጠብቃል፤ የሚጠጋው ለብቻው፣ በቁልፍ ነው። እሱን ትቶ ገመድ ብቻ ሲያጠብቁ ቢከርሙ፣ ገመዱ የሚስበው ክንድ የመጨረሻው ጫፍ ላይ ይደርሳል። ያኔ እጀታው መሪውን እስኪነካ ቢጨብጡትም ብስክሌቱ አይቆምም።

«ታዲያ ሸራው ይቀየራ!» ትሉኝ ይሆናል። ከየት አምጥቼ? የዲስክ ፍሬን ሸራ ቅርፁ ብዙ ነው፤ ክብ አለ፣ አራት ማዕዘን አለ፣ ጆሮ ያለው አለ፤ የአንዱ ለሌላው አይገጥምም። አሮጌውን ሸራ ለናሙና በወረቀት ጠቅልዬ መርካቶን ስዞር እውላለሁ። ብስክሌቱን የሸጠው ነጋዴ ጋ ስሄድ «እሱን እንኳ አላመጣንም» ነው መልሱ። ያንኑ ብስክሌት በቀይ፣ በሰማያዊና በጥቁር ቀለም ያስመጣ ሰው፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ ሸራ አንድ ካርቶን ማስመጣት እንዴት ይከብደዋል?

ሸራው ሲገኝም ዓይነቱን የሚያውቅ ሻጭ ጥቂት ነው። ሬዚን የሚባለው ድምፅ የለውም፣ ቶሎም ይይዛል፤ ጭቃ ላይ ግን ቶሎ ያልቃል። ከብረት ብናኝ የተሠራው ለክረምታችን ይሻላል፤ ቢጮህም ይቆያል። ሆኖም ዲስኩ ላይ «ሬዚን ፓድ ኦንሊ» የሚል ጽሑፍ ካለ የብረት ብናኙን አትግጠሙበት፤ ዲስኩን ራሱን ይጨርሰዋል። ደግሞ እባካችሁ፣ ብስክሌት ላቫጆ ወስዳችሁ ናፍታ አታስረጩ። ናፍታ የጠጣ ሸራ ገና ወፍራም ቢሆንም ከመጣል በቀር መላ የለውም።

እኔ የምጠይቀው ከባድ አይደለም። ዲስክ ፍሬን ያለው ብስክሌት የሚሸጥ ሰው ሁለት ትርፍ ጥንድ ሸራ አብሮ ይሽጥ፤ የሸራውንም ዓይነት ደረሰኙ ላይ ይጻፍልን። ይህ ካልሆነለት ቸርኬውን የሚነክሰውን የድሮውን የጎማ ፍሬን ያምጣልን። እሱ ዝናብ ላይ ቶሎ እንደማይይዝ፣ በአሸዋ ቸርኬውን እንደሚበላ አላጣሁትም። ቢሆንም መለዋወጫው በየሰፈሩ አለ፤ ማለቁንም ልጁ ጎንበስ ብሎ በዓይኑ ያየዋል። የዲስኩን ለማየት የስልክ መብራት ያስፈልጋል፤ ሳህኑ ላይ የቀረው ሸራ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ከወረደ መቀየር አለበት።

ለልጃችሁ ብስክሌት ልትገዙ ያሰባችሁ ወላጆች፣ የማርሹን ብዛት ከመጠየቃችሁ በፊት የሸራውን ጠይቁ። ሻጩ «ይመጣል» ካላችሁ፣ እስኪመጣ ብሩ እናንተው ጋ ይቆይ።